የሚበረው መጫወቻና የመናፈሻው ሕፃናት

እናቶች፣ በዕረፍት ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ መናፈሻ ስትሄዱ ዓይናችሁ የሚያርፈው በዥዋዥዌው፣ በኩሬውና በመኪናው መንገድ ላይ ነው። በአሁኑ ጊዜ ግን ቀና ብሎ ሰማዩንም መመልከት ያስፈልጋል። ምክንያቱም ድሮን የተባለው፣ ከምድር በመቆጣጠሪያ የሚታዘዝ በራሪ መሣሪያ በየአገሩ ከልጆች እጅ እየገባ ነው።

ድሮን ሲያዩት መጫወቻ ይመስላል። ሆኖም ተሽከርካሪ ክንፎቹ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚሾሩ የሕፃንን ቆዳና ዓይን ክፉኛ ይጎዳሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ወዳጅ ያበረው ድሮን ዛፍ ነክቶ ቁጥጥር በማጣቱ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንድ ዓይኑን አጥቷል። አብራሪው ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በዚህም ምክንያት ብዙ አገሮች ደንብ አውጥተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድሮን ማብረርን ከልክለዋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ከተማም ለመዝናኛ ማብረር ክልክል ነው። በሚፈቀድባቸው የአሜሪካ ቦታዎችም ቢሆን 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ድሮን ይመዘገባል፤ አብራሪው ከዓይኑ ሊሰውረው አይገባም፤ ከፍታውም በአብዛኛው ከ120 ሜትር ማለፍ የለበትም።

በእኛ አገር ደግሞ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ሳያገኙ ድሮን ማስገባትም ሆነ ማብረር አይቻልም። ፈቃድ የሌለው በጉምሩክ ይያዛል። ስለሆነም በውጭ አገር ያለ አጎት ወይም አክስት «ለልጁ ድሮን ልግዛለት» ቢል፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ንገሩት። ልጁንም በቁጣ ሳይሆን ምክንያቱን በማስረዳት አሳምኑት።

በመናፈሻ ውስጥ ድሮን ዝቅ ብሎ ሲበር ብታዩ የሚከተለውን አድርጉ።

በመጀመሪያ ልጆቹን ሰብስባችሁ ራቅ በሉ። ቀጥሎም ለጥበቃው አስታውቁ። ልጆች ድንጋይ እንዳይወረውሩበት ተቆጣጠሩ፤ ተመትቶ ቢወድቅ የሚያርፈው በሌላ ልጅ ራስ ላይ ሊሆን ይችላል። የወደቀውንም አያንሱት፤ ክንፉ ሊነሣ፣ የተጎዳ ባትሪውም እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ድሮኖች ካሜራ አላቸው። ጡት የምታጠባ እናት ወይም ልብሱ የወለቀ ሕፃን ሳይፈቅዱ መቀረፅ የለባቸውም። አብራሪው አጠገባችሁ ካለ፣ ሳትፈሩ በጨዋነት «ልጄን አትቅረፅብኝ» በሉት።

በሥራ ምክንያት ልጆቻችሁን ከታላቅ እህት ወይም ከሞግዚት ጋር የምትልኩ እናቶችም፣ መንገድ አሻግሪ፣ ኩሬ አታስጠጊ ብላችሁ ስታሳስቡ ይህንንም ጨምሩበት። ለመንገር የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም።