መስታወት የለበሰ ሕንፃ ሁሉ ዘመናዊ ነውን?

በአዲስ አበባ አውራ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ ከቆሙት አዳዲስ የንግድ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከእግር እስከ ራሳቸው መስታወት የለበሱ ናቸው። መስታወቱም የዕድገት ምልክት ተደርጎ ይታያል። በእኛ አስተያየት ግን የአንድ ሕንፃ ዘመናዊነት ሊለካ የሚገባው በፊቱ ማብረቅረቅ ሳይሆን ወደ ውስጥ በሚያስገባው ሙቀት መጠን ነው።

ነገሩን በቀላል ስሌት እንመልከት። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ምዕራብ በዞረ ግድግዳ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 600 ዋት የፀሐይ ኃይል ያርፋል እንበል። ተራ መስታወት ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ገደማውን ያስገባል። እንግዲህ በ100 ካሬ ሜትር መስታወት 48 ኪሎ ዋት ገባ ማለት ነው። ይህም እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ዋት የሚወስዱ 12 የእንጀራ ምጣዶችን ቢሮ ውስጥ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ይቆጠራል። የገባው ብርሃን ወለሉንና ዕቃውን ያሞቃል፤ የሞቀው ዕቃ መልሶ የሚያመነጨውን ረጅም ሞገድ ያለው ጨረር ግን መስታወቱ አያሳልፈውም። ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ተገዝቶ፣ ራሳችን ያስገባነውን ሙቀት በኤሌክትሪክ ማስወጣት እንጀምራለን።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ እጅግ በምታዘነብልበት ወቅት እንኳ የእኩለ ቀን ከፍታዋ 58 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ ለዞረና 2 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት፣ ከላዩ 1.3 ሜትር ወደ ውጭ የወጣ መከለያ የእኩለ ቀኑን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ያግድለታል። አስቸጋሪዎቹ ፀሐይ በዝቅታ የምትመታቸው የምሥራቅና የምዕራብ ፊቶች ናቸው፤ መስታወት ሊቀነስ የሚገባውም በእነዚሁ ላይ ነው።

በዚምባብዌ መዲና በሐራሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት የተባለው የገበያና የቢሮ ሕንፃ ለዚህ አብነት ይሆናል። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ሐሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነበር። ኋላ የተደረገ ጥናት ኩይሳው እርሱ እንዳሰበው እንደማይሠራ ቢያመለክትም፣ ሕንፃው ግን ይሠራል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር በማራገቢያ እየተሳበ ወፍራሙን ኮንክሪት ያበርደዋል፤ የበረደው ኮንክሪት ደግሞ የቀኑን ሙቀት ይቀበላል። የአዲስ አበባ ሌሊትም ቀዝቃዛ ነው፤ ይህንኑ ጸጋ በነፃ ይሰጠናል።

የአረንጓዴ ሕንፃ መመዘኛዎች አዲስ ነገር አይደሉም። የእንግሊዙ ብሪያም እ.ኤ.አ. በ1990፣ የአሜሪካው ሊድ ደግሞ በ1998 ሥራ ጀምረዋል። ጥቅማቸው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ነጥብ እየደመሩ ደረጃ የሚሰጡ በመሆናቸው፣ አስገዳጅ መነሻዎች ቢኖሯቸውም፣ በአንዱ ዘርፍ የጎደለውን በሌላው ማካካስ ይቻላል። እኛ የምንሻው መመዘኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ ነው፦ ይህ ሕንፃ ያለ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ምን ያህል ይሞቃል? ይህን ያላለፈ ንድፍ ቆጣቢ መሣሪያ ስለ ተገጠመለት ብቻ አረንጓዴ ሊባል አይገባውም።

«ኤሌክትሪካችን ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ተመርቋል፤ ታዲያ ምን ያሳስባል?» የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። የሚያሳስበውስ ገና መብራት ያልደረሰው ወገን መኖሩ ነው። መስታወት ያስገባውን ፀሐይ ለማስወጣት የሚባክን እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ለገጠር ትምህርት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ ሊውል ይችል ነበር።

ሕንፃ አንዴ ከቆመ ብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል፤ በንድፉ ላይ የተሠራው ስሕተትም አብሮት ይኖራል። የነገዎቹ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች እናንተ ተማሪዎች ናችሁ። የመጀመሪያውን መስመር ከማስመራችሁ በፊት ፀሐይ በየት ወጥታ በየት እንደምትጠልቅ ጠይቁ።