ለአሥር ዓመት ሕፃን የምንነፍገው ሜዳሊያ



በቅርቡ እዚህ መቀሌ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የስፖርት መምህሩ ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው ሩጫ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለሚወጡት ከሚሰጠው ዋንጫ በተጨማሪ፣ ሩጫውን ለጨረሰ ልጅ ሁሉ አነስተኛ ሜዳሊያ ይሰጥ የሚል። አንድ የተማሩ ወላጅ ብድግ ብለው «ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፤ ሰነፍ ትውልድ እናፈራለን!» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ምክንያቴን እነሆ።

በመጀመሪያ ነገር፣ ልማዱ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትሩን ለጨረሰ ሁሉ፣ እየተራመደም ይሁን እየጨፈረ፣ ሜዳሊያ ይሰጣል። መሥራቹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው፤ ስለ ማሸነፍ እርሱን የሚያስተምር ከተገኘ እሰየው! የእኔም ሜዳሊያ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስንተኛ እንደ ወጣሁ አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም። ታዲያ ዶክተሩ በአርባ ዓመቱ ያለ ኀፍረት የሚሰቅለውን፣ ለአሥር ዓመት ሕፃን ሲሆን መርዝ የሚያደርገው ምን ዓይነት ፍልስፍና ነው?

ተቃዋሚዎቼ አንድ ብርቱ መከራከሪያ አላቸው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪ ሳይወድቅ እንዲያልፍ አደረግን፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ሲገለጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። «ለሁሉም ማደል ያመጣው ይህ አይደለምን?» ይላሉ። ማንበብ ያልቻለን ልጅ «አልፈሃል» ማለት ውሸት መሆኑን እኔም እመሰክራለሁ፤ ጉዱን በየዓመቱ ከማስተምራቸው ተማሪዎች ዘንድ አየዋለሁ። የሩጫው ሜዳሊያ ግን አይዋሽም። «አሸንፈሃል» አይልም፤ «ጨርሰሃል» ይላል። ጨርሷልና! ሳይጨርስ የሚሰጠው ቢሆን ኖሮ ከወላጁ ጎን በቆምኩ። ዋንጫውም የአሸናፊዎቹ ብቻ ሆኖ ይኑር።

ደግሞስ በአሥር ዓመት ዕድሜ ማን ምን እንደሚሆን የምናውቀው ከየት አምጥተን ነው? ለተሰንበት ግደይ በተማሪነቷ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት ተባርራ፣ ለመወዳደር ተስማምታ ነው የተመለሰችው። ያቺ ልጅ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቫሌንሺያ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። «ሜዳ ያስገባት ማስገደድ እንጂ ሜዳሊያ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኔ ከማስገደድ ሜዳሊያ ይሻላል ባይ ነኝ።

የእኛ ልጆች ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ተለይተው ቆዩ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ሲመለሱ ከዕድሜያቸው በታች በሆነ ክፍል ተቀመጡ፤ ሊሮጡበት የሚገባቸው ዕድሜ ሜዳ ሳያዩ አለፈባቸው። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ሮጦ ሠላሳኛ ቢወጣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሜዳው እንዲመለስ እንፈልጋለን ወይስ አንፈልግም? ሰነፍ ቤቱ ይቀመጣል እንጂ ሮጦ ሠላሳኛ አይወጣም።

ጉዳዩ ለቀጣዩ ስብሰባ አድሯል። ሜዳሊያዬን ከግድግዳው አውርጄ ይዤ እሄዳለሁ። የተቃወሙት ወላጅም የራሳቸውን ያምጡ፤ በመኪናቸው መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ።