ወሬ መሸምደድና ጉዳይ ማወቅ

ጠዋት ጠዋት ከአያት ወደ መገናኛ በባቡር ወይም በታክሲ ስንጓዝ፣ ከአጠገባችን ከሚቀመጡት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችና ተመርቀው ሥራ ከሚፈልጉ ወጣቶች ብዙዎቹን በስልካቸው ላይ አቀርቅረው እናያቸዋለን። የሚያነቡት ልብ ወለድ አይደለም፤ የኳስ ውጤትም አይደለም። «ለመንግሥት ሥራ ፈተና የሚጠቅሙ ወቅታዊ ጥያቄዎች» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ዝርዝር ነው። መሪን፣ ሲኤምሲን፣ ቅዱስ ሚካኤልን አልፈን «ሲቪል ሰርቪስ» ከተባለው ፌርማታ ስንደርስ፣ ብዙዎቹ ሠላሳ ወይም አርባ ቀንና ስም በቃላቸው ይዘዋል። በዚያ ፌርማታ ስም የተጠራው ትምህርት ቤት በ1987 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው ለመንግሥት ሥራ ብቁ የሆነ ሰው ለማውጣት ነበር። እኛም ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ይህ ሽምደዳ ለሥራው ብቁ ያደርገናልን?

ጓደኞቻችንን ለመውቀስ አልተነሣንም። እኛም ከእነርሱ አንዱ ነን፤ ዝርዝሩም በኪሳችን አለ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ፈላጊውን ሲፈትኑ ከሙያው ጥያቄ ጋር ጠቅላላ ዕውቀትና ወቅታዊ ጉዳይ ይጨምራሉና፣ ተማሪው ቢዘጋጅ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። የምንነቅፈው አዘገጃጀቱን ነው።

ለምሳሌ ያህል ታላቁን የሕዳሴ ግድብ እንውሰድ። ዝርዝሩ «መቼ ተመረቀ?» ይላል፤ መልሱም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። «ስንት ሜጋ ዋት?» ይላል፤ 5,150 ነው። መልካም። ነገር ግን ይህን በአንድ ትንፋሽ የሚመልስልንን ጓደኛችንን «ግብፅ የምትከራከረው በምን ተመሥርታ ነው?» ብንለው ዝም ይላል። በ1959 በኤውሮፓ አቆጣጠር ግብፅና ሱዳን ሁለት ብቻቸውን ተዋውለው፣ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ መድበው፣ ከውሃው አብዛኛውን የምታመነጨውን ኢትዮጵያን ግን እንዳላስገቧት አላነበበም። የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ስምምነት ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ መዋሉንና ግብፅና ሱዳን አለመፈረማቸውንም አልሰማም። ቀኑን ያውቃል፤ ነገሩን አያውቅም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለኪሳችን የቀረበ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሸምዳጁ ቀኑን ይይዛል። ጉዳዩን የሚከታተል ተማሪ ግን አንድ ነገር ያስተውላል፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። እንግዲህ ለውጡ የመጣው በጀቱ ጸድቆ ገና ሦስት ሳምንት እንደ ሄደ ነው ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ወይም መለዋወጫ ለመግዛት በድሮው ዋጋ ዕቅድ ያወጣ የግዢ ሠራተኛ፣ ያ ገንዘብ ከታሰበው ግማሹን ያህል ብቻ ሊገዛለት ነው። ምን ያስቀድም? ምን ያስቀር? ለጠያቂው በሽተኛ ምን ብሎ ይመልስ? ነገ በዚያ ወንበር የምንቀመጠው እኛ ነን። ወረፋ ይዞ የሚጠብቀን ሰው ቀኑን ንገሩኝ አይለንም፤ ጉዳዬን ፈጽሙልኝ ነው የሚለን።

በዚህ ነገር ከሌሎች አገሮች መማር ይቻላል። ሕንድን እንመልከት። በዚያ አገር ለከፍተኛ የመንግሥት ሥራ የሚደረገው ውድድር እጅግ ብርቱ ነው፤ በየዓመቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያመለክታል፤ የሚመረጠው ግን አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ፈተና በወጣው የትምህርት ዝርዝር በቁጥር አንድ የተጻፈው የአገርና የዓለም ወቅታዊ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪው ጋዜጣ በየቀኑ ያነባል፤ የሚጠቅመውን ቆርጦ ያስቀምጣል፤ ማስታወሻ ይይዛል። የመጀመሪያው ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው። ያን ያለፈ ሰው ግን ቀጥሎ በጽሑፍ መከራከርና በቃል መጠየቅ ይጠብቀዋል። በዚያ ጊዜ «ሐ» ወይም «መ» ብሎ ማምለጥ የለም፤ ምክንያቱን መናገር ግድ ነው።

ይሁን እንጂ የሕንድ ሁሉ ነገር ይበጀናል አንልም። ለፈተናው ማዘጋጀት በዚያ አገር ትልቅ ንግድ ሆኗል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዴልሂ ከተማ በአንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ጎርፍ ገብቶ፣ ለዚሁ ፈተና ያጠኑ የነበሩ ሦስት ወጣቶች ሞተዋል። ከዚያም በፊት፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን፣ ፈተናው ለሁሉ ክፍት ነው እየተባለ የሚሰጠው ለንደን ብቻ ነበር። ሳትየንድራናት ታጎር በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ያለፈ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ለመሆን ባሕር ተሻግሮ መሄድ ነበረበት፤ ፈተናው በሕንድ ምድር መሰጠት የጀመረው በ1922 ነው። በወረቀት ላይ እኩል የሆነ ፈተና በተግባር እኩል ላይሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመንግሥት ሠራተኛ በችሎታው ተመዝኖ ይቀጠር የሚለው አሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በአንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሥር ያደረገው ትእዛዝ የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። በቅርቡም በ2015 ዓ.ም. ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ተደረገ፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40.65 በመቶ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሥራ ላይ ያሉትን ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን በፈተና መዘነ፤ ብዙዎቹም ሳያልፉ ቀሩ። የትናንት ተመራቂዎች እንዲህ ከሆኑ የነገዎቹ ከምን ይሻላሉ?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። «ምን ትደክማላችሁ? ሥራው የሚገኘው በዘመድ ነው» የሚሉን አሉ። ይህ አባባል ባዶ ነው አንልም፤ ስንቱ ጓደኛችን ማስታወቂያ አንብቦ፣ ተመዝግቦ፣ ተፈትኖ ውጤቱን እንኳ ሳያይ ቀርቷል። ነገር ግን አድልዎን የሚያጋልጠው በችሎታው የማይታማ ተወዳዳሪ ነው። እኛ ራሳችን የምንመልሰው የተሸመደደ ከሆነ፣ ከዘመደኛው የምንለየው በምንድር ነው? ፈታኞቹንም የምንጠይቀው አለ፤ የፈተናው ይዘት ምን ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ ውጤቱም በግልጽ ይለጠፍ፤ ከምርጫ ጥያቄው ጋር ተፈታኙ በገዛ ቃሉ ምክንያት የሚጽፍበት ክፍል ይጨመር። ቀን ብቻ ከተጠየቀ ቀን ብቻ ይጠናልና።

ከቤታችንም የምንጀምረው አለ። አንደኛ፣ ማኅበራችን በንባብ ክፍላችን የጋዜጣ ጠረጴዛ ያስፈቅድ። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን፣ ከግሉም ሪፖርተር፣ ደግሞም ሕግ የሚታወጅበት ነጋሪት ጋዜጣ በአንድ ቦታ ይገኙ። ስለ አንድ አዋጅ ሰው የጻፈውን ማንበብና አዋጁን ራሱን ማንበብ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተሰብስበን አንድ ጉዳይ ብቻ መርጠን እንወያይ፤ ምን ሆነ? በየትኛው ሕግ? በማን ገንዘብ? ማንን ይጠቅማል፣ ማንን ይጎዳል? እነዚህን መመለስ የቻለ ቀኑንም አይረሳም። ሦስተኛ፣ የምናዘጋጀውን ማስታወሻ አባዝተን በክፍለ ሀገር ላሉት ጓደኞቻችን እንላክ። ጋዜጣ በወር አንዴ እንኳ የማይደርሰው ተማሪ ከእኛ እኩል ተፈተነ ማለት፣ ሕንዶቹን ለንደን ሄዳችሁ ተፈተኑ ከማለት ብዙ አይርቅም።

መምህራኖቻችንንም በአክብሮት እንለምናለን። የኢኮኖሚክስ መምህራችን ስለ ምንዛሪ ሲያስተምሩን የሐምሌውን ለውጥ ቢያነሡልን፣ የሕግ መምህራችንም በዚያ ሳምንት የወጣውን አዋጅ ይዘው ቢገቡ፣ ትምህርቱ ከፍ ይላል እንጂ አይጓደልም።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ወንበሩን ሁላችንም እንመኛለን፤ መመኘቱም ነውር የለበትም። ነገር ግን ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ ነገ በመስኮታችን ፊት ሲቆም፣ ጉዳዩን የሚያውቅለት ሰው ሊያገኝ ይገባዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስብሰባ በሚመጣው ሳምንት በንባብ ክፍሉ እንድናደርግ አሳብ እናቀርባለን፤ የመጀመሪያው ጉዳይም በጀት ይሁን። ዝርዝሩን በኪሳችሁ ትታችሁ ኑ።