መግለጫው የመሣሪያው ግማሽ ነው

በመካከላችን አንድ ሥር የሰደደ ልማድ አለ፤ ይኸውም ፕሮግራም የሚጽፈውን እንደ ጀግና፣ የፕሮግራሙን መግለጫ የሚጽፈውን ግን እንደ ተላላኪ የመቁጠር ልማድ ነው። የቡድን ሥራ ሲከፋፈል መግለጫው የሚደርሰው ዘግይቶ ለመጣው ወይም ለመከራከር ላልደፈረው ነው። እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን። ምክንያታችንን ለማስረዳትም ብዙዎች ከቁም ነገር የማይቆጥሩትን አንድ መሣሪያ እንመርጣለን፤ እርሱም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ያሉትን ቨርችዋል ማሽኖች ዘርዝሮ እንዲያመጣ የሚሰጠው መሣሪያ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ከመሠረቱ እንጀምር። ቨርችዋል ማሽን ማለት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒውተሮች ሲሠራ፣ ከእነዚያ አንዱ ማለት ነው። አሳቡ አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. በ1960ዎቹ ሠርቶበት እ.ኤ.አ. በ1972 ቪ.ኤም./370 በሚል ስም አውጥቶታል። አማዞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ኢ.ሲ.2 በተባለው አገልግሎቱ ማከራየት ጀመረ። አዲሱ ነገር ዛሬ ማሽኖቹን የሚቆጣጠረው ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ወኪሉም ይጠይቃል፣ ይዘረዝራል፣ ከተፈቀደለትም ያጠፋል።

ወኪሉ ግን የመሣሪያውን ፕሮግራም ከፍቶ አያነብም። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ባደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል በተባለው ደንብ መሠረት፣ በዋናነት የሚቀርብለት የመሣሪያው ስም፣ መግለጫውና የሚቀበላቸው ግብዓቶች ናቸው። እንግዲህ መግለጫው «ቨርችዋል ማሽኖችን ይዘረዝራል» ብሎ ቢያበቃ ምን ይጎድላል? ብዙ ይጎድላል።

በመጀመሪያ፣ የት ያሉትን ነው የሚዘረዝረው? የኢ.ሲ.2 የዝርዝር ጥያቄ የሚመልሰው በተጠየቀው ክልል ያሉትን ብቻ ነው። በአየርላንድ ክልል የሚሠራ ማሽን የኬፕ ታውን ክልል ሲጠየቅ አይታይም። መግለጫው ይህን ካልተናገረ ወኪሉ ባዶ ዝርዝር አይቶ «ማሽን የለም» ይላል፤ ባለቤቱም ያምነዋል፤ ሒሳቡ ግን መቁጠሩን አይተውም።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም ነው ወይስ ከፊሉን? ዝርዝሩ ሲረዝም በገጽ በገጽ ተከፍሎ ይመጣል፤ ቀሪ ካለም የሚቀጥለውን ገጽ ለመጠየቂያ የሚሆን ምልክት አብሮ ይላካል። ይህ ያልተነገረው ወኪል የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ሙሉ መዝገብ ሊወስደው ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የቃል ጉዳይ ነው። በአማዞን ዘንድ «የቆመ» ማሽን የማሽኑ ኪራይ አይታሰብበትም፤ የዲስኩ ኪራይ ግን ይቀጥላል። በማይክሮሶፍት አዙር ዘንድ ደግሞ ከውስጥ ተዘግቶ «የቆመ» የተባለ ማሽን ኪራዩ አይቋረጥም፤ የሚቋረጠው «ዲአሎኬትድ» በሚባለው ሁኔታ ውስጥ ሲገባ ነው። ቃሉ አንድ፣ ዕዳው ግን ሁለት! ይህ ለባለጸጋ ኩባንያ ትንሽ ኪሳራ ይሆን ይሆናል፤ በዶላር ተጠይቆ በብር ለሚሰላ የተማሪ ኪስ ግን ትንሽ አይደለም። ከገንዘቡም የከፋ አለ፦ «ቆሟልና አይጠቅምም» ተብሎ የተሰረዘ ማሽን የአንድ ጓደኛችንን የመመረቂያ ጥናት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

አንዳንዶች «ወኪሉ ብልህ ነው፣ ራሱ ይደርስበታል» ይሉናል። ብልህ ሰውስ ቢሆን ያልተነገረውን በምን ያውቃል? ሌሎች ደግሞ መግለጫ በረዘመ ቁጥር ወኪሉ በአንድ ጊዜ ሊይዘው ከሚችለው ጽሑፍ ላይ ቦታ ይሻማል ይላሉ። ይህኛው ክርክር እውነት አለው። ስለዚህ የምንጠይቀው ረጅም መግለጫ አይደለም፤ ክልሉን፣ የገጹን ነገር፣ የእያንዳንዱን ሁኔታ ትርጉምና የባዶ ዝርዝርን ትርጉም በአምስት ስድስት አጭር ዓረፍተ ነገር የሚናገር መግለጫ ነው።

መግለጫ ሁሉን ያድናል ማለታችንም አይደለም። በዚያው ደንብ ውስጥ መሣሪያው ለማንበብ ብቻ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት አለ፤ ነገር ግን ደንቡ ራሱ ምልክቱ ጥቆማ እንጂ ዋስትና አይደለም ይላል። ዘርዝር የተባለ ወኪል የመሰረዝ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም፤ ይህም በቃል ሳይሆን በሚሰጠው ፈቃድ መወሰን አለበት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መግለጫውን ፕሮግራሙን የጻፈው ራሱ ይጻፈው። ከዚያም ፕሮግራሙን ያላየ ጓደኛ መግለጫውን ብቻ አንብቦ መሣሪያው ምን እንደሚያመጣና ምን እንደማያመጣ ይናገር፤ መናገር ካቃተው ሥራው አላለቀም። መምህራኖቻችንም ለመግለጫው እንደ ፕሮግራሙ ሁሉ ነጥብ ይስጡት። ነገ የባንኩን፣ የሆስፒታሉንና የመብራት ኃይሉን ማሽኖች የሚመዘግቡ መሣሪያዎች የሚሠሩት ከእኛው መካከል በሚወጡ ሰዎች ነው፤ ዛሬ በክፍል ሥራ የለመድነውን ቸልተኝነት ነገ በሕዝብ ንብረት ላይ እንዳንደግመው ከአሁኑ እንታረም።