የላስታ ፀሐይና ሥራ ፈት ጌጦቻችን

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይባላል። የላስታን ልጅ ደግሞ ብርሃን ጠምቶት ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ የኤሌክትሪክ መስመሩ ተቋረጠና ከተማዪቱ ከአንድ ዓመት በላይ ጨለማ ውስጥ ኖረች። ያውም ከክረምት በቀር ፀሐይ በማይለየው ደጋ!

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ልጠይቅ። በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ዘልቋል። ለሐውልቱ፣ ለፏፏቴው፣ ለመብራቱ ገንዘብ ይፈሳል። ከዚህ ሁሉ ጌጥ ስንቱ ነው ኃይሉን ራሱ ከፀሐይ የሚያገኘው? መስመሩ ሲቋረጥስ ስንቱ ያበራል?

ጌጥና ብርሃን አብረው እንደሚሄዱ ያሳየን ባዕድ ነው። አይስላንዳዊ ዝርያ ያለው የዴንማርክ አርቲስት ኦላፉር ኤሊያሰን ከመሐንዲሱ ፍሬድሪክ ኦተሰን ጋር «ሊትል ሰን» የተባለችውን በፀሐይ የምትሞላ አነስተኛ መብራት እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን በሚገኘው ቴት ሞደርን ሙዚየም አስተዋወቀ። ቅርጿ ከምን የተቀዳ ይመስላችኋል? ከአደይ አበባ! ሰውዬውን አልወቅስም። የምወቅሰው አደዩ በደጃችን ሲፈካ ያላየነውን ነው፤ ሥነ ጥበቡን በአንድ ግቢ፣ ምሕንድስናውን በሌላ አጥረን የምናስተምረውን እኛን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጨምሮ።

«ቅርስ ልታበላሹ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ሥጋቱ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የቆሙት የብረት መጠለያዎች በ2011 ዓ.ም. ሕዝቡን ለተቃውሞ ሰልፍ አስወጥተዋል። ስለዚህ ከዐለቱ አጠገብ አንድ ችንካር አይመታ። እኔ የምለው ስለ ገበያው፣ ስለ መናኸሪያው፣ በገና ሰሞን ምእመናን በእግር ስለሚገቡበት መንገድ ነው። እዚያ ቀን በጥላው የሚያሳርፍ፣ ማታ የሚያበራ፣ የተጓዡን ስልክ የሚሞላ የአደባባይ ጥበብ ይቁም። ለንድፉ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪዎችና የምሕንድስና ተማሪዎች በጋራ ይወዳደሩ። የባትሪ መቀየሪያ በጀትና ጥገናውን የሚማር የከተማዪቱ ወጣት ከወዲሁ ይታሰቡበት፤ አለዚያ ሪባኑ በተቆረጠ ማግስት ሌላ የሞተ ብረት ይሆናል።

ላሊበላን የፈለፈሉት እጆች በዚያው ዐለት የዝናብ ውኃ ማውረጃ ቦይም ፈልፍለዋል። ለእነርሱ ውበት ሥራ ፈት አልነበረም። እኛ ከማን ተምረን ለያየናቸው?

ቸር ያሰንብተን።