የቀኑ ውሎ በቀኑ ይመዝገብ

ሐምሌና ነሐሴ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሪፖርት ወራት ናቸው። ማታ ማታ ከየቀበሌው በስልክና በቴሌግራም የዘር ሽፋን ቁጥር ይመጣል። ባለሙያው ደምሮ ለዞን ይልካል፤ ዞኑም ለክልል ያስተላልፋል። በማግሥቱ በዚያው ፋይል፣ በዚያው ሳጥን ውስጥ የትናንቱ ቁጥር ጠፍቶ አዲሱ ይጻፍበታል። የመኸር እርሻው ሲጠናቀቅ በእጅ የሚቀረው አንድ ድምር ብቻ ይሆናል። ሥራው በየትኛው ቀን እንደተፋጠነ፣ በየትኛው ቀን እንደቆመና ምን እንዳቆመው የሚናገር መዝገብ የለም።

ጉዳቱን በምሳሌ እንመልከት። ሁለት ቀበሌዎች እያንዳንዳቸው 800 ሄክታር ስንዴ ለመዝራት አቅደው በ25ኛው ቀን 600 ሄክታር ሸፈኑ እንበል። በሪፖርቱ ሁለቱም 75 በመቶ ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ግን በየቀኑ 24 ሄክታር እየዘራ የመጣ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለ የቀረውን በዘጠኝ ቀን ይጨርሳል። ሁለተኛው በ12 ቀን ውስጥ 50፣ 50 ሄክታር ዘርቶ ከዚያ ወዲህ 13 ቀን ሙሉ ምንም አልዘራም። ምናልባት ማዳበሪያው ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን አልቋል፤ ምናልባት ማሳው ውኃ ተኝቶበታል። የዘር ወቅት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ድምሩ ብቻ የሚደርሰው ኃላፊ ሁለቱን ቀበሌዎች እኩል ያመሰግናል፤ የዕለት መዝገቡን በግራፍ የሚያይ ግን መስመሩ በ13ኛው ቀን ሲተኛ ያያል፤ በ15ኛው ቀን መኪና ሊልክ ይችላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ አዲስ አይደለም። ኤክሴል በየወረዳው ኮምፒዩተር ላይ አለ። ችግሩ እንደ ጽሕፈት መኪና መጠቀማችን ነው፤ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ በእጅ ስልኩ የሚደምር ባለሙያ አሁንም አልጠፋም! ቀበሌው፣ ቀኑ፣ ሰብሉ፣ የዕለቱ ሽፋንና ሥራውን ያስተጓጎለው ምክንያት በየዕለቱ በአዲስ ረድፍ ይጻፉ፤ የትናንቱ አይነካ። የትናንቱን ድምር ከዛሬው የሚደምር ቀመር አንድ ጊዜ ከተጻፈና ሰንጠረዡ በፕሮግራሙ ውስጥ «ቴብል» ከተደረገ፣ አዲስ ረድፍ በተጨመረ ቁጥር ድምሩም ግራፉም ራሳቸው ይታደሳሉ። ባለሙያው በየማታው የሚያስገባው የዕለቱን ቁጥር ብቻ ነው።

ባለሙያዎችን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን በቁጥር ብንጽፍለት የፈረንጅ የካቲት 30 ስለሚመስለው ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘር የተጀመረበትን ዕለት 1 ብሎ 2፣ 3 እያሉ መቁጠርና ግራፉን በዚያ መሥራት፣ የእኛን ቀን ደግሞ ከጎኑ በፊደል መጻፍ።

አርሶ አደሩ የሚናገረው በጥማድ ነው፤ ሪፖርቱ የሚጠይቀው በሄክታር ነው። ጥማዱ እንዳለ ይመዝገብ፤ ለአራት ማካፈሉን ኮምፒዩተሩ ይሥራው። 40 ጥማድ በስህተት 40 ሄክታር ተብሎ ሲገባ ሽፋኑ በአንድ ሌሊት አራት እጥፍ ይሆናል። እንዲሁም «ሪፖርት አልመጣም» እና «ሥራ አልተሠራም» አንድ አይደሉም። ኔትወርክ ጠፍቶ ቁጥሩ ካልደረሰ ሳጥኑ ባዶ ይተው፤ ዜሮ የሚጻፈው በእርግጥ ሳይዘራ ለዋለ ቀን ብቻ ነው። ዘግይቶ የመጣ ቁጥርም ሥራው በተሠራበት ቀን እንጂ ሪፖርቱ በደረሰበት ቀን አይመዝገብ። ኮምፒዩተር በሌለበት ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ባሕር መዝገብ ይበቃል።

ኮምፒዩተር ውሸትን እውነት አያደርግም። የዕለት መዝገብ ግን ውሸትን ያስቸግራል። ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ትራክተር ያልገባበት ቀበሌ በአንድ ቀን 300 ሄክታር ስንዴ ዘርቼ ዘሩን በማረሻ አለበስኩ ካለ፣ 1,200 ጥንድ በሬ ወጥቷል ማለት ነው። ይህን ያህል በሬ በቀበሌው አለ ወይ? ግራፉ ላይ ድንገት ቀጥ ብሎ የሚቆም መስመር ይህን ጥያቄ ያስነሳል፤ የግምገማው ዋዜማ ላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያስነሳል።

እዚህ ላይ ለአመራሩ የምንለው አለን። ዝቅ ያለ ቁጥር ያመጣ ሠራተኛ በስብሰባ ፊት የሚወቀስ ከሆነ በማግሥቱ ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ማሳው ግን እንዳለ ነው። የተኛ መስመር ሠራተኛውን ለመቅጣት ሳይሆን ማዳበሪያው የት እንደቆመ ለመጠየቅ ይዋል። ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ ባዶ ሆኖ ከተገኘም ጥያቄው መጀመሪያ የሚነሳው ቁጥሩን ብቻ ሲጠይቅ ለከረመው ኃላፊ ነው።

አርሶ አደሩም የመዝገቡ ባለቤት ነው። ወረዳው በየሳምንቱ የእያንዳንዱን ቀበሌ ግራፍ በአንድ ወረቀት አትሞ በቀበሌ ጽሕፈት ቤቱና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ወጪው የወረቀትና የቀለም ነው። ከገበያ ሲመለስ ቆም ብሎ ያየ ገበሬ «ባለፈው ሳምንት ይህን ያህል አልዘራንም» ወይም «ዩሪያ ያጣነው በዚህ ቀን ነው» ማለት ይችላል። ይህን ያለው ሰው ስሙ ባይጻፍም ያለው ነገር በምክንያት ዓምዱ ውስጥ ይግባ።