ነገር በምሳሌ፥ ቀልድ በሥዕል

እስቲ፥ አንባቢ ሆይ፥ በሐሳባችን ሦስት ክፍል ያላት አንዲት የቀልድ ሥዕል እንሣል። በመጀመሪያው ክፍል አንድ የግራና ገበሬ ወረቀቱን ይዞ ከአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል፤ ጸሐፊውም ቀና ሳይል «ነገ ና» ይለዋል። በሁለተኛው ክፍል ገበሬው ተመልሶ መጥቷል፤ መልሱም ያው «ነገ ና» ነው። በሦስተኛው ክፍል የገበሬው ጢም ነጥቶ ከጉልበቱ ደርሷል፤ ጸሐፊውም በመጨረሻ ወረቀቱን ገልጦ ካየ በኋላ «ይህ ፎቶግራፍ አንተን አይመስልም» ይለዋል።

ይህን አይቶ ለመሳቅ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ስለ ሥራ መጓተት ዐሥር ገጽ ሐተታ ቢጻፍ ግን የሚጨርሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ፊደል ላልቈጠረው ገበሬማ ከናካቴው አይደርሰውም። ሥዕሉን ግን እርሱም ያነበዋል። በሥዕል መተረክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች እየተሣለ ሲነገር ኖሯል። በምሳሌ መንቀፍም እንዲሁ ነው፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ቴአትር ሲያሳዩ፥ የዘመኑን ብልሹ አሠራር የነቀፉት በአራዊት አፍ ነበር። ነገሩ የገባቸው ስለ ነበሩም በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ታገደ።

ኃይሉ ይህን ያህል ነው፤ ወሰንም አለው። በፈረንሳይ አገር ሻርል ፊሊፖን የተባለ የጋዜጣ ባለቤት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም.፥ የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ፊት በአራት ሥዕል ቀስ በቀስ ፒር ወደሚባለው ፍሬ ለወጠው። ፍሬው በፓሪስ ግድግዳ ሁሉ ይሣል ጀመር። ሠዓሊው ግን ታሰረ፤ በ1835 ሥዕል ሁሉ ከመታተሙ በፊት እንዲመረመር ሕግ ወጣ። ንጉሡም ከዙፋኑ የወረደው በ1848 በሕዝብ ዐመፅ ነው። ሥዕሉ አሳቀበት እንጂ አላወረደውም።

የእኛዋም ሥዕል ጐደሎ አላት። ጸሐፊው «ነገ ና» ያለው ለምንድን ነው? ሰነፍ ሆኖ ነው? ጉቦ ፈልጎ ነው? ወይስ ማኅተሙ በአለቃው መሳቢያ ተቈልፎበት፥ አለቃው ደግሞ ለስብሰባ ሄዶ ነው? ሦስት ክፍል ይህን ሁሉ አይችልም፤ ስለዚህ የትልቁን በደል በትንሹ ሰው ላይ ይጭነዋል። ደግሞም ለማሳቅ ሲባል ጸሐፊው ወፍራም፥ ገበሬው ቡትቶ ለባሽ ሆነው ይሣላሉ፤ ይህን ደጋግመን ስናይ ወፍራም ሁሉ ጉቦኛ፥ ገበሬ ሁሉ ሞኝ ይመስለናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሳቁ ራሱ ነው። ሥዕሉን ቈርጦ ከግድግዳው ላይ የለጠፈ ጸሐፊ፥ የተሣለው ስለ ጎረቤቱ ጠረጴዛ ይመስለዋል። ከልቡ ይስቅና፥ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ፥ ለቀጣዩ ባለጉዳይ «ነገ ና» ይላል።

አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ። ብርሌ የጠጁን ጥራት ያሳያል፤ የጋኑን ሁሉ ግን አይይዝም። የቀልድ ሥዕልም ጥፋቱን አጥርታ ታሳያለች፤ ምክንያቱን መመርመርና ማረም ግን ለእኛ ለባለ ጠረጴዛዎቹ የተተወ ነው። እንግዲህ ከሳቅን በኋላ ቀና ብለን ወደ በሩ እንመልከት፤ ከግራና በማለዳ የተነሣ ሰው ቆሞ ይሆናል።